የታችኛው ግቢ ችካሎች

ብሎን የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላት ከአባቷ የስፌት መኪና መጠገኛ ሱቅ ወለል ላይ የወደቀ ብሎን እየለቀመች በጣሳ ታጠራቅም ነበር፤ አባቷም የሆነ ነገር ሲጠፋባቸው መሳቢያ መበርበሩን ትተው እሷን ይጠሯት ነበር። አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሱቁ የእሷ ከሆነ ቆይቷል። ልብስ ሰፊዎቹ ግን ዛሬም ሲመጡ "ብሎን አለች?" ብለው ነው የሚገቡት። የመዝገብ ስሟን ከባሏ በቀር አስታውሶ የሚጠራት የለም፤ እሱም ሲቆጣ ብቻ ነው።

ሥራዋን ጠንቅቃ ታውቃለች። መኪና ሲሰፋ ከመንገድ ማዶ ሰምታ "መርፌው ጎብጧል" ወይም "ቺንጋው ላልቷል" ትላለች፤ አትሳሳትም። ስለ ቤት ሥራ ግን የምታውቀው ነገር አልነበረም። መኪና ሲታመም ይጮኻል፤ ቤት ዝም ብሎ ነው የሚታመመው፤ እሷም ይኼን ያወቀችው ዘግይታ ነው።

የሚኖሩበትን ቤት አባትና እናቷ በወጣትነታቸው ነው የሠሩት። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ቤቱ በላይኛው በኩል መሬት ነክቶ፣ በታችኛው በኩል በድንጋይ መሠረት ከፍ ብሏል። በሩ የሚከፈተው ወደ ታችኛው ግቢ ሲሆን፣ ከበሩ እስከ ግቢው ዘጠኝ የድንጋይ ደረጃ አለ። መጸዳጃ ቤቱ፣ የውሃ ቧንቧውና አሮጌው የዕቃ ቤት ሁሉም ታች ናቸው። ሰው ጎልማሳ እያለ ዘጠኝ ደረጃ ምን ያህል እንደሆነ አይቆጥርም።

እናቷ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። ያኔ ብሎንና ባሏ የኪራይ ቤታቸውን ለቀው አባቷ ዘንድ ገቡ። ባሏ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ዝምተኛ፣ ካርታ ወዳድ፣ እቃ ያስቀመጠበትን የሚረሳ። አባቷ ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላቸው፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ክንዳቸውን የያዘላቸውን ሰው "እኔ ጠፍቼ ነው?" ብለው የሚገላምጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ስትመጣ ትልቁን መኝታ ቤት ለእሷና ለባሏ ለቀው፣ ራሳቸው በታችኛው ጥግ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገቡ። ማንም አልጠየቃቸውም። አንድ ቀን ከሱቅ ስትመለስ አልጋቸውን ራሳቸው ጎትተው ጨርሰው አገኘቻቸው።

ይኼ ነገር ብሎንን አራት ዓመት ሙሉ ሲከነክናት ኖረ። አባቷን ከገዛ ቤታቸው ገፍታ ጥግ ያስያዘቻቸው ይመስላታል። ሳሎኑ ውስጥ የባሏ ካርታ፣ መተላለፊያው ላይ የእሷ ካርቶን፤ ሽማግሌው በራሳቸው ቤት እንደ እንግዳ በጎን እየዞሩ ሲያልፉ ታያለች። በመጨረሻ ወሰነች፤ ታችኛው ግቢ ላይ፣ አሮጌው የዕቃ ቤት ያለበት ቦታ፣ ሁለት ክፍል ያላት ትንሽ ቤት ይሠራሉ። እሷና ባሏ ወደዚያ ይወርዳሉ፤ ትልቁ ቤት ለባለቤቱ ይመለሳል።

ለባሏ ስትነግረው ደስ አለው። "ለካርታዎቼ አንድ ሙሉ ግድግዳ ይኖራል?" ብሎ ብቻ ጠየቀ።

ለአባቷ የነገረቻቸው ምሳ ላይ ነው።

"አባባ፣ ታች ትንሽ ቤት ልንሠራ አስበናል። እኛ እንወርድና አንተ ቤትህ ሙሉውን ይመለስልሃል።"

አባቷ ማንኪያቸውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። አነሱት። መልሰው አስቀመጡት።

"ጥሩ ነው" አሉ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ቆይተው፣ "ጥሩ ነው" አሉ።

ብሎን ሁለት ጊዜ መባሉን ከደስታ ቆጠረችው።

ከአዲሱ ቤት በፊት ግቢውን ማስተካከል ነበረባቸው። እናቷ ከታመሙ ወዲህ የግቢውን ነገር ያየው ሰው የለም። የግቢው በር ከማጠፊያው ወልቆ እየተጎተተ ነው የሚከፈተው፤ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለው ሐረግ ወደ ጎረቤት ተሻግሯል፤ የቤቱ ቀለም በታችኛው በኩል እንደ ቆዳ ተልጧል። ብሎን ከቀለሙ ልጀምር ብላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አባቷ ክፍል ገባችና ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ አደረገችው።

ከቁም ሳጥኑ በስተጀርባ ከጣሪያ እስከ ወለል የወረደ ስንጥቅ ነበር። ላይኛው ጫፉ ጣት ያስገባል። ውስጡ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበታል።

"አባባ! ይኼ ምንድነው?"

አባቷ ከበሩ ላይ ቆመው አዩት፤ እንደሚያውቁት ሰው አዩት።

"ስንጥቅ ነው" አሉ።

"ስንጥቅ መሆኑንማ አያለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆይቷል።"

"ቆይቷል ማለት?"

"እናትሽ እያለች ፀጉር ታህል ነበር" አሉ። "ቁም ሳጥኑን ያመጣሁትም እሱን ልሸፍን ብዬ ነው። ነፋስ ሲያስገባ ጋዜጣ አጎረስኩት።"

የብሎን ልብ ስንጥቅ አለ ቢባል ቀልድ ይመስላል፤ የተሰማት ግን እንደዚያ ነበር። አባቷ አራት ዓመት ሙሉ ራሳቸውን ሊወድቅ ከሚችል ግድግዳ ሥር አድርገው ተኝተዋል፤ እዚያ እንዲተኙ ያደረገችው ደግሞ እሷ ናት። በዚያው ቀን አልጋቸውን ወደ ሳሎን አወጣች። ስንጥቁ ላይ ቀጭን ወረቀት በሙጫ ለጥፋ ቀን ጻፈችበት። በየጠዋቱ ሱቅ ከመሄዷ በፊት ገብታ ታየዋለች። ሁለት ሳምንት ደህና ሰነበተ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ለአራት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለ፤ በአምስተኛው ጠዋት ወረቀቱ ከመሃል ተቀዶ አገኘችው።

ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ያጠበቀችውን ብሎን መልሳ ትፈታ ጀመር። አንዲት ደንበኛዋ "ዛሬ ፊትሽ ምነው?" ስትላት፣ "ቤቴ ሊወድቅ ነው" ብላ ወረወረችው። ሴትየዋ ደንግጣ፣ ከሱቁ መንገድ ማዶ ያለውን የትምህርት ቤት አጥር ስለሠራ ግንበኛ ነገረቻት። "ሥራው ጥሩ ነው" አለቻት፤ "ትዕግሥት ግን ይኑርሽ።"

ግንበኛውን ሰው ሁሉ "ቀስ በሉ" እያለ ነው የሚጠራው። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ረጅም፣ እርሳስ ከጆሮው ላይ የማይለየው ሰው ነው። ማንም ምንም ነገር ሲጀምር "ቀስ በሉ" ይላል፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ብሎን እጁን ይዛ ልትጎትተው ጥቂት እስኪቀራት ድረስ ወደ ስንጥቁ ልትወስደው ስትቸኩል፣ "ቀስ በሉ እትዬ፣ ስንጥቁ የትም አይሄድም" ብሎ ወደ ግቢው ዞረ።

ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረው። ጣሪያውን አየ፣ አሸንዳውን አየ፣ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ ፈተገ። ስንጥቁን ያየው በመጨረሻ ነው፤ ያየውም ሲጋራ ለመለኮስ በሚፈጅ ጊዜ ብቻ ነው።

"እትዬ" አለ፣ "ከአዲሱ ቤት በፊት ይኼ ግቢ ውሃውን የት እንደሚያደርስ እንወቅ። ውሃው ያልታወቀበት ቦታ ላይ ቤት አይታቀድም።"

"ቤቱ ይወድቃል ወይ?"

"ሳልቆፍር አልናገርም።"

"ግምትህን ንገረኝ።"

"እኔ አልገምትም" አለ ቀስ በሉ። "መጀመሪያ ያንን የዕቃ ቤት ባዶ አድርጉልኝና አፍርሼ መሬቱን ልይ።"

የዕቃ ቤቱን ባዶ ማድረግ ሦስት ቀን ፈጀ። ውስጡ አባቷ በሃምሳ ዓመት ያጠራቀሟቸው የስፌት መኪኖች ነበሩ፤ አንዳንዱ ያለ እግር፣ አንዳንዱ ያለ መርፌ መያዣ፣ አንዳንዱ የአይጥ ጎጆ ሆኖ። ብሎን ሦስት ቦታ ልትከፍላቸው አሰበች፤ የሚጠገን፣ እቃው የሚፈታ፣ የሚጣል። አባቷ በርጩማቸውን አምጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። የሚጣል የተባለው ክምር እስከ ማታ አንድ መኪና እንኳ አልደረሰውም።

"ይኼ ይሠራል" ይላሉ።

"አባባ፣ መዘውሩ የለም።"

"መዘውር ይገኝለታላ።"

"ይኼስ? ዝገቱ በልቶት ወንፊት ሆኗል።"

"እሱ የትልቋ ልብስ ሰፊ መኪና ነበር። እሱን አትንኪው።"

የአባቷ የድሮ ደንበኛ የነበረችው ትልቋ ልብስ ሰፊ ከሞተች ሃያ ዓመት አልፏታል። የብሎን ባል ከኋላ ቆሞ በአስተማሪ ድምፁ፣ "ሙዚየም ብንከፍት ይቀለናል" አለ፤ አባቷ ሲስቁ ብሎን ደነገጠች፤ ከልባቸው ሲስቁ ካየቻቸው ቆይታ ነበር። በመጨረሻ አሥራ ሁለት መኪኖች ተረፉ፤ ሌሎቹ ተፈተው ወደ ሱቋ ተወሰዱ። የግቢው በርም በዚያው ሳምንት ወደ ማጠፊያው ተመለሰ። ሐረጉ ተቆርጦ ሲወድቅ ግቢው ካሰቡት በላይ ሰፊ ሆኖ ተገኘ፤ ሦስቱም ቆመው ብርሃኑን አዩት።

የዕቃ ቤቱ ሲፈርስ ቀስ በሉ መሬቱን አስተካክሎ የአዲሱን ቤት ልክ ማውጣት ጀመረ። ንድፉን የሠራው ባሏ ነው፤ በካሬ ወረቀት ላይ። የሰሜን አቅጣጫ ያሳየበት ቀስት ከቤቱ ይበልጥ ነበር።

"ጋሼ፣ ይኼ ትልቁ ነገር ምሰሶ ነው?" ብሎ ጠየቀው ቀስ በሉ፣ ፊቱ ሳይለወጥ።

"ሰሜን ነው።"

"እሱን አንሠራውማ?"

ችካሎቹ ተተከሉ፤ ሲባጎ ተወጠረባቸው። አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፤ መጸዳጃ ቤቱ እንደነበረው ከውጭ። ብሎን በሲባጎው መካከል ገብታ ወዲያና ወዲህ ተራመደች። አልጋው እዚህ፣ መስኮቱ እዚያ። ደስ አላት፤ ስንጥቁ ትዝ ሲላት ደግሞ ደስታዋ ጠፋ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቷ ቁርሳቸውን እንደበሉ ወደ ታች ወርደው፣ በርጩማቸውን በሲባጎው ውስጥ ያስቀምጡና ይቀመጣሉ። ግንበኛው ሥራውን ጨርሶ እስኪሄድ አይነሱም። ምሳቸውንም እዚያው ነው የሚበሉት።

"መጸዳጃ ቤቱ ለምን ውጭ ሆነ?" አሉ አንድ ቀን።

"እስከ ዛሬም ውጭ ነው እኮ አባባ።"

"ወደ ውስጥ ቢገባ ምን ይላል? አልጋው አጠገብ።"

"ቦታ ይወስዳል።"

"ይቺ ደፍ ደግሞ ለምን ከፍ አለች? ሰው ይደናቀፋል።"

"እኛ ነን እኮ የምንኖርበት" አለች ብሎን፤ ትንሽ ተሰላችታ ነበር። "እኛ አንደናቀፍም።"

ፀሐዩ ዞሮ ፊታቸው ላይ ሲመጣ አባቷ በርጩማቸውን ትንሽ ገፋ አደረጉት።

በማግስቱ ጠዋት ለበሩ የተከለለው ቦታ ሰፍቶ ተገኘ። ሁለቱ ችካሎች አንድ ክንድ ያህል ተራርቀዋል። ከመኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም ያላዘዘው አዲስ ችካል ቆሟል፤ ትንሽ ክፍል ከልሏል።

ብሎን ግንበኛውን አፋጠጠችው። "በሩን አስፋ ያለህ ማነው?"

ቀስ በሉ ጎንበስ ብሎ ሲባጎውን አየ። ፊቱ ላይ ቅር የመሰኘት ነገር ታየ።

"እትዬ፣ በስም አጥፊነት እንዳልከስዎት" አለ። "ይኼ የእኔ ቋጠሮ ነው? እኔ እንዲህ አልቋጥርም። እኔ የወጠርኩት ሲባጎ ሲነኩት ይዘፍናል። ይኼ እኮ ልብስ ሰፊ የቋጠረው ነው የሚመስለው።"

ብሎን አየችው። አባቷ አሮጌ ቺንጋ ሲበጠስባቸው ለጊዜው የሚያስሩበት ቋጠሮ ነበር፤ እሷንም በስምንት ዓመቷ ያስተማሯት እሱን ነው። ደሟ ፈላ። እሷ እዚህ ለእሳቸው ብላ ስትለፋ፣ እሳቸው ደግሞ የእሷን ቤት እየለካኩ ያበላሻሉ! ችካሎቹን ነቅላ ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደገና ተነቅለው ሰፍተው ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ እጅ ከፍንጅ ልትይዛቸው ቆርጣ ከሱቅ ቀደም ብላ፣ አሥር ሰዓት ላይ ተመለሰች። በግቢው በር ቀስ ብላ ገብታ ለአዲሱ ቤት ከመጣው የብሎኬት ክምር ጀርባ ቆመች። አባቷ ግን ችካሉ ዘንድ አልነበሩም። ደረጃው ሥር ነበሩ።

ዙሪያቸውን አዩ፤ ማንም እንደሌለ ሲያረጋግጡ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። በሁለት እጃቸው ተደግፈው ወደ አራተኛው ራሳቸውን አነሱ። አረፉ። ወደ አምስተኛው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይቆጥራሉ። እንደዚህ እየሆኑ፣ ሕፃን ልጅ እንደሚወጣው ወደ ኋላቸው ሆነው ዘጠኙን ደረጃ ጨረሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ መቃኑን ይዘው ተነሡ፣ ሱሪያቸውን አራገፉ፣ ወገባቸውን አቀኑ፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ውስጥ ገቡ።

ብሎን ከብሎኬቱ ጀርባ አልተነቃነቀችም። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ነው የተገለጠላት። ሱቅ መምጣት የተዉት "ጡረታ ወጣሁ" ብለው ነበር። ቀኑን ሙሉ ታች የሚውሉት፣ አንዴ ከወረዱ እንደገና መውጣት ስለሚከብዳቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ውሃ አልጠጣም የሚሉትም ወደ መጸዳጃ ቤት እንዳይመላለሱ ነው። ይኼ ሁሉ ዓይኗ ሥር ሲሆን የስፌት መኪና ድምፅ ከመንገድ ማዶ የምትለየዋ ሴት አልሰማችም።

ለባሏ ነገረችው። እሱ መነጽሩን አውልቆ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ "እኔ ቤቱን በጣም ስለሚወዱት ነው የማይወጡት እል ነበር" አለ። ማፈሩ ያስታውቅበታል።

በማግስቱ ልታናግራቸው አስባ ሳለ ቀስ በሉ ከቤቱ ታችኛው ጥግ ጠራት። ጮክ ብሎ ስለጠራት ደነገጠች፤ ይኼ ሰው ጮኾ አያውቅም።

ከአባቷ ክፍል ሥር፣ ከግድግዳው አጠገብ የሰው ቁመት የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሯል። ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ በአካፋው ጫፍ አንድ ነገር ያሳያል። የጣሪያውን ውሃ ከአሸንዳው ተቀብሎ በመሬት ውስጥ ወደ መንገዱ ቦይ እንዲወስድ የተቀበረ የሸክላ ቱቦ ነበረ፤ ከቤቱ ሁለት እርምጃ ሳይርቅ ተሰብሯል፤ ስብራቱ ውስጥ የዛፍ ሥር ገብቶ እንደ ቡሽ ደፍኖታል።

"የጣሪያዎ ውሃ ስንት ዓመት ሙሉ እዚህ ሲሰርግ ኖሯል" አለ። "አፈሩን ይዩት፤ ሊጥ ሆኗል። ጥጉ ቁጭ አለ፣ ግድግዳው ተከፈተ። በቃ ይኸው ነው።"

"መሠረቱስ?" አለች ብሎን።

ቀስ በሉ በመዶሻው የመሠረቱን ድንጋይ አንድ በአንድ አንኳኳ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ብሎን ጆሮዋን ሰጥታ ሰማች። ይኼን ድምፅ አወቀችው። የላላ ነገር የለበትም።

"መሠረቱ ደህና ነው። ያባትዎ ግንበኛ ጎበዝ ሰው ነበር። በጥቂት በጥቂቱ ከሥሩ እየቆፈርን በድንጋይና በሲሚንቶ እንሞላዋለን፤ ቱቦውን አዲስ አድርገን ወደ መንገድ እናወጣዋለን። ስንጥቁን ከአንድ ክረምት በኋላ ይድፈኑት።"

"አይወድቅም?"

"ይኼ ቤት?" አለ ቀስ በሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ። "እትዬ፣ እኔና እርስዎ ቀድመነው እንወድቃለን።"

ብሎን የአፈሩ ቁልል ላይ ቁጭ አለች። ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ሁለት ወር ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሥቶ ሲሄድ ተሰማት፤ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ሊዞር ሲል ገታችው። ቀስ በሉ ደግሞ ጨምሮ ነገራት። አዲሱን ቤት ሳይቆፍሩ ቢሠሩት ኖሮ፣ ከተሰበረው ቱቦ የሚወጣው ውሃ ቁልቁል ሄዶ የሚተኛው በእሱ ወለል ሥር ነበር። "ሁለተኛ ስንጥቅ ገዝተው ነበር" አለ።

አባቷ ያን ሁሉ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው ሰምተዋል። ብሎን ጭቃዋን እንኳ ሳታራግፍ ሄዳ በሲባጎው ውስጥ፣ ከእግራቸው ሥር ባለ ብሎኬት ላይ ተቀመጠች።

"ቤትህ ደህና ነው አባባ።"

"ሰማሁ" አሉ። የተደሰቱ አይመስሉም።

"በሩን ለምን አሰፋኸው?"

"የቱን በር?"

"አባባ!"

ሽማግሌው ወደ ሲባጎው አዩ። "ጠባብ ነበር።"

"ለማን ነው የጠበበው?"

አባቷ በእግራቸው ጫፍ አንዱን ችካል ነካ አደረጉት። ከጉድጓዱ በኩል የአካፋው ድምፅ ይሰማል።

"ትናንት ደረጃው ላይ አየሁህ" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

አባቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እናትሽን በወንበር አድርገን ስናወርዳት ታስታውሻለሽ?" አሉ። "አራት ሰው ተሸክሟት። ዓይኗን ጨፍና ነበር። አንቺ ያመማት መስሎሽ 'ቀስ፣ ቀስ' ትያቸው ነበር። አላመማትም ልጄ። አፍራ ነው። ለእኔ ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ ለራሴ ምን አልኩ መሰለሽ? እኔን በወንበር አያወርዱኝም አልኩ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? አንቺ 'ቤትህን መለስኩልህ' ብለሽ ደስ ብሎሽ ስትሯሯጪ፣ ቤቴ ጠላኝ ልበልሽ? እኔ እኮ ታችኛው ግቢ ላይ ቤት ሊሠራ ነው ስትይ ልቤ ዘሎ ነበር። ቀጥለሽ 'እኛ እንወርዳለን' አልሽ።"

ብሎን አፏን በእጇ ያዘች።

"እኔ እኮ ያስወጣሁህ መስሎኝ ነው! አራት ዓመት ሙሉ ከቤትህ ያስወጣሁህ እየመሰለኝ..."

"አላስወጣ ብለሽ ነው እንጂ ያስቸገርሽኝ" አሉ አባቷ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ። ግንበኛው ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየና ተመልሶ ገባ።

እሷም የማታውቀውን የራሷን ነገር ያወቀችው ያኔ ነው። ትልቁን ቤት መልቀቅ አልፈለገችም ነበር። የተወለደችው እዚያ ነው፤ የትኛው የወለል ጣውላ እንደሚጮኽ ታውቃለች። ለአባቷ ስትል ብቻ ነው ልቧን ያጨከነችው።

ባሏ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሁሉንም ነገሩት። ቦርሳውን ሳያወርድ ቆሞ ሰማ።

"ታዲያ ካርታዎቼስ?" አለ።

"ጥጉ ላይ ያለው ክፍል ያንተ ነው" አሉት አማቹ፤ "ከነስንጥቁ። ወንዝ ነው ብለህ ቀለም ቀባው።"

በእውነቱ ባሏ ትንሽ ቅር ብሎታል። የራሱ የሆነ ጸጥ ያለ ቤት አልሞ ነበር፤ ለሁለት ቀን ሲያኮርፍ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ግን ከትምህርት ቤት አዲስ የካሬ ወረቀት ይዞ መጣና ከአማቹ ጋር በርጩማ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ይኼኛው ንድፍ ላይ የሰሜኑ ቀስት ጥፍር አከለ። በሩ ሰፊ፣ ደፉ ከመሬት እኩል፣ መጸዳጃ ቤቱ ከአልጋው በሦስት እርምጃ፣ ግድግዳው ላይ መደገፊያ ብረት። ሳሎኑ ቀርቶ ረጅም የሥራ ጠረጴዛ የሚይዝ ክፍል ሆነ፤ አሥራ ሁለቱ መኪኖች ይቀመጡበታል። በመስኮቱ ጉዳይ አባቷና ቀስ በሉ አንድ ሳምንት ተከራከሩ። አባቷ የመንገዱን ሰው እያየሁ ልሥራ ይላሉ፤ ቀስ በሉ ዝናብ የሚመታው በዚያ በኩል ነው ይላል።

"ቀስ በሉ አባቴ፣ ውሃ ይገባል።"

"ቀስ ስልማ ሰማንያ አንድ ዓመት ሞላኝ!" አሉት። "አሁን እንኳ ፍጠን።"

መስኮቱ በመንገዱ በኩል ሆነ፤ ቀስ በሉ ግን ከላዩ ሰፋ ያለ ክዳን አወጣበት።

የቤቱ ጥግ በሦስት ሳምንት ከሥሩ ተሞልቶ ተጠገነ። አዲሱ ቱቦ ከተቀበረ በኋላ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ሦስቱም ጃንጥላ ይዘው መንገድ ዳር ወጡ፤ የጣሪያው ውሃ ወደ ቦዩ እየፈላ ሲወርድ እንደ ሰልፍ ቆመው አዩት። ያለፈ ሰው ሁሉ ምን ተገኘ ብሎ ቆመ። አንድ ጎረቤት "ምን እያያችሁ ነው?" ሲል፣ ባሏ በኩራት "ውሃችንን" አለው።

ትንሹ ቤት ሌላ አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ። ሲሚንቶ የጠፋበት ሳምንት ነበር፤ የበሩ መዝጊያ በተሳሳተ ልክ መጥቶ የተመለሰበትም ነበር። ዘገየ እንጂ አልከበደም፤ ብሎን በየጠዋቱ ወደ ሱቅ ስትወርድ እርምጃዋ ቀሎ ነበር። አባቷ የገቡት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አልጋቸውን፣ የሚስታቸውን ፎቶግራፍ፣ ካቻቢቴና ፒንሳቸውን ይዘው። ክንዳቸውን ማንም አልያዘም፤ በሰፊው በር ቀጥ ብለው ገቡ። ከዚያም ዞር ብለው፣ "ከአሁን በኋላ ስትመጡ አንኳኩ" አሉና በሩን ዘጉባቸው።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ብሎን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሥታ በመስኮት ወደ ታች አየች፤ የትንሹ ቤት በር ተዘግቷል። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ የሚነሡ ሰው ናቸው። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ በሩ ዝግ ነው። ሦስት ሰዓት ሲል መታገሥ አቃታት። ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለች ወረደችና አንኳኳች። መልስ የለም። እንደገና አንኳኳች። ከዚያ ገፋ አድርጋ ከፈተችው።

አባቷ በጀርባቸው ተንጋለው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረታቸው ስበው ያንኮራፋሉ። አልጋቸው አጠገብ ያለው ትልቅ የውሃ ብርጭቆ ባዶ ነው፤ ጠጥተውታል። ብሎን በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ማንኮራፋቱን ሰማች።

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

"አንኳኩ አላልኩም?"

"አንኳኩቻለሁ። ሦስት ሰዓት ሆኗል እኮ አባባ።"

"ታዲያ ይሁና" አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ብሎን በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ላይ ባሏ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ፊቱ ጭንቅ ብሎት፣ በእጁ "ምን ሆነ?" ይላታል።

"ተኝቷል!" አለችው።